የትኛውን ዘርፍ ልምረጥ? ከድሬዳዋና ከሐረር ለባዮሜዲካል ፒኤችዲ ለሚያመለክቱ

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ከአንዲት ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያ ጋር ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። ሳምቡሳው ቀርቧል፤ እሷ ግን አልነካችውም። ዓይኗ ላፕቶፑ ላይ ነው። የአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የፒኤችዲ ማመልከቻ ቅጽ ከፍታለች። ስሟን ሞልታለች። ትምህርቷን፣ የሥራ ልምዷን ሞልታለች። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ።

«የሚፈልጉትን የምርምር ዘርፍ ይምረጡ» ይላል ቅጹ። ከሥሩ ረጅም ዝርዝር አለ። ኢሚዩኖሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ኒውሮሳይንስ፣ የካንሰር ባዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ፋርማኮሎጂ፣ ባዮኢንፎርማቲክስ። ከእያንዳንዱ ጎን ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሳጥን አለች።

«አቦ ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። «የቱ ነው ቶሎ የሚቀበሉት?»

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይደርሰኛል። ከድሬም ይመጣል፣ ከሐረርም ይመጣል። በስልክ፣ በቴሌግራም፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ አስቁመውኝ ይጠይቁኛል። የአብዛኞቹ የአሜሪካ ፕሮግራሞች መዝጊያ ኅዳር 22 አካባቢ ነው። የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ ከተማውን በሚሞላበት በታኅሣሥ 19 ሰሞን አብዛኛው በር ተዘግቷል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ለአንድ ለአንድ ከመመለስ ጽፌ ላስቀምጠው አልኩ።

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኛ ባደግንበት ሥርዓት ዘርፍ ተማሪውን ይመርጠዋል እንጂ ተማሪው ዘርፉን አይመርጥም። ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ትባላላችሁ። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይመጣል። ውጤቱ ዩኒቨርሲቲውን ይወስናል። ዩኒቨርሲቲ ከተገባ በኋላ ደግሞ የፍሬሽማን ነጥብ ዲፓርትመንቱን ይወስናል። ከፍ ያለ ነጥብ ያለው ሕክምና ይገባል፤ ሌላው እንደ ነጥቡ ወደ ታች እየወረደ ይደለደላል። ብዙ ልጅ ምን እንደሚማር የሚያውቀው ስሙ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሲያይ ነው። እንዲህ ያደገ ሰው አንድ ቀን «ምን መመርመር ትፈልጋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ይደነግጣል። ወዲያው የለመደውን ይፈልጋል፤ የቱ ዲፓርትመንት ትልቅ ነው፣ የቱ ነው የሚያስገባው፣ የቱ ስም አለው።

ቃሉ ራሱም ያምታታል። እኛ ዘንድ «ስፔሻላይዝ አደረገ» ሲባል ሐኪሙ ሬዚደንሲ ገባ ማለት ነው። የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት ሕክምና። እዚያ ዘርፉ የሙያ ፈቃድ ነው። የቀዶ ሐኪም ነገ ተነስቶ የልብ ሐኪም ነኝ ሊል አይችልም። ፒኤችዲ ግን እንዲህ አይደለም። ዲግሪያችሁ ላይ ኢሚዩኖሎጂ ስለተጻፈ ጄኔቲክስ እንዳትሠሩ የሚከለክላችሁ የለም። ከፒኤችዲ ይዛችሁ የምትወጡት ሁለት ነገር ነው። አምስት ስድስት ዓመት የታገላችሁት ጥያቄና እሱን ለመመለስ የተማራችሁት ሙያ። ስለዚህ እኔ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። መጀመሪያ ጥያቄያችሁን አግኙ። ሳጥኗ ከጥያቄው በኋላ ትመጣለች።

ይህን ስላት ልጅቷ ቅር አላት። «ጥያቄ ከየት ላምጣ?» አለችኝ። «እኔ ሥራዬ ናሙና መመርመር ነው፤ ተመራማሪ አይደለሁም።»

ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን የዓላማ መግለጫዋን አሳየችኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ካንሰርን የመፈወስ ሕልም እንደነበራት ይናገራል። የካንሰር ናሙና ነክታ ታውቃለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አታውቅም። የካንሰር ባዮሎጂ ብዙ ገንዘብ ስላለው ብዙ ሰው ይቀበላል ሲባል ሰምታ ነው የጻፈችው።

«እሱን ተዪውና፣ ሥራ ላይ እያለሽ ግራ ያጋባሽን አንድ ነገር ንገሪኝ» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ስለ 2014 ዓ.ም. ነገረችኝ። ወባው ከተማውን ያጥለቀለቀበት ዓመት ነው። አንድ ወጣት ተማሪ ትኩሳት ይዞት መጣ። ጣቱን ወግታ በፈጣን መመርመሪያ ኪት አየችው። ኪቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ታየ፤ ኪቱ መሥራቱን የሚያሳየው መስመር። ወባ የለም ማለት ነው። ልጁ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ሰው ደግፎት መጣ። አሁንም ኪቱ አንድ መስመር አሳየ። አልዋጥልሽ አላት። ደሙን ስላይድ ላይ አድርጋ፣ በጊምሳ ቀለም አቅልማ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባችው። ቀለበቶቹ በየቦታው ተበትነዋል። ስስ ሰማያዊ ክብ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ። ወባ ነው።

«ኪቱን ሙቀት አበላሽቶት ይሆናል ብለን ካርቶኑን ቀየርነው» አለችኝ። «አዲሱም እንደዚያው ሆነ።»

ይቺ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ የፒኤችዲ ጥያቄ በእጇ ይዛ ስትዞር ኖራለች። ጥያቄ መሆኑን የነገራት ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወባ ፈጣን መመርመሪያ ኪት ተሕዋሲውን ራሱን አያይም። በብዛት የሚሠራበት ኪት ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ደም ውስጥ የሚለቀውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው የሚፈልገው። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን ከተሕዋሲው ላይ ከጠፋ ኪቱ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ሰውየው በወባ እየነደደ ኪቱ «የለም» ይላል። ይህ በአፍሪካ ቀንድ በሰፊው የታየ ችግር ነው። በርግጥ ኪት ሌላም ምክንያት ያሳስተዋል። የድሬ ሙቀት አለ። ደሙ ውስጥ ያለው ተሕዋሲ ቁጥር ማነስም አለ። ታዲያ የቱ ነው? ይህን ለይቶ ማወቅ ሳይንስ ነው።

ያኔ ድሬዳዋ ላይ የሆነው ነገር ዓለም ያጠናው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ በከተማዋ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ ቁጥር ከ2019 ተመሳሳይ ወራት ጋር ሲነጻጸር ከአሥር እጥፍ በላይ ነበር። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ወረርሽኙን አጠኑት። ውጤቱ በ2023 ኔቸር ሜዲሲን ላይ ወጣ። ጥፋተኛዋ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ሆና ተገኘች። የእስያ ትንኝ ናት። በ2012 ጅቡቲ ታየች፤ በ2016 ደግሞ ቀብሪ ደሃር። የከተማ ኑሮ የሚስማማት ትንኝ ናት። በሽታውን ያስፋፉት ተሕዋሲዎችም በዘር እጅግ የሚቀራረቡ ነበሩ። ለኪቱ የማይታዩ ናቸው፤ አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ከመቋቋም ጋር የሚያያዝ የጂን ለውጥም ተገኝቶባቸዋል።

አንድ በርሜል ውሃ

ዘርፍ ማለት ምን እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ድሬ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በየግቢው በርሜል አለ፣ ሮቶ አለ፣ ጀሪካን አለ። ቤት በሚሠራበት ሁሉ ደግሞ ለሲሚንቶው ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ አለ። አንድ ቀን ሳቢያን ውስጥ ከአንድ ግቢ በርሜል በነጭ ጭልፋ ውሃ ሲቀዳ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ውሃው መጀመሪያ ባዶ ይመስላል። ዝም ብሎ ሲቆይ ነገሮች መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። አንዷ እጭ ከውሃው ገጽ ሥር እንደ ጭራሮ ጋደም ብላለች። እሷ የወባዋ ናት፤ መተንፈሻ ቱቦ ስለሌላት ነው የምትጋደመው። ከጎኗ ሌላ እጭ አለች፤ ጭንቅላቷን ዘቅዝቃ በጅራቷ ተንጠልጥላለች። እሷ ኤደስ ናት፤ ዴንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው። ድሬ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊን፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያን ቀምሳለች። የዚያን ጊዜ የመገጣጠሚያ ሕመም ከተማው ውስጥ የማያስታውስ ሰው አይገኝም። ሁለቱ እጮች በአንድ ጭልፋ ውስጥ ነበሩ።

እስቲ በዚህ በርሜል ዙሪያ ሰዎች ይቁሙ።

የትንኝ ሊቁ፣ ማለትም ኢንቶሞሎጂስቱ፣ ይቺ ትንኝ በበጋ፣ ሌሎቹ በሚጠፉበት ወቅት፣ እንዴት ትኖራለች ይላል። የጄኔቲክስ ሰው ዲኤንኤዋን አንብቦ መንገዷን ይከተላል። በወደብ ገባች? በጭነት መኪና? በባቡር? የሞለኪውላር ባዮሎጂ ሰው ተሕዋሲው ኤችአርፒ2ን ካጣ በኋላ ያለሱ እንዴት ይኖራል ይላል። የባዮኬሚስትሪና የፋርማኮሎጂ ሰዎች ኬልች13 የሚባለውን ፕሮቲን ይይዛሉ። በኢትዮጵያ የታየው አር622አይ የተባለው ለውጥ ተሕዋሲውን ከመድኃኒቱ እንዴት ያስመልጠዋል የሚለው የነሱ ጥያቄ ነው። የኢሚዩኖሎጂ ሰው ፊቱን ወደ ሰዎቹ ያዞራል። በአንድ ግቢ ከሚኖሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲወድቅ ሌላው ተሕዋሲውን በደሙ ይዞ ለምን ደህና ይሆናል? የባዮሜዲካል ምሕንድስና ሰው በኤችአርፒ2 የማይደገፍ ኪት መሥራት ይፈልጋል።

ኒውሮሳይንስም አለ። ብዙዎች ይህን ስነግራቸው ይገረማሉ። ትንኝ ሰውን የምታገኘው ሽታውን ተከትላ ነው። ያ ሽታ በትንኟ አንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚነበብ የሚያጠኑ ላቦች፣ ማለትም የምርምር ላብራቶሪዎች፣ አሉ። ወባ ወደ አንጎል ሲወጣ የሚያደርሰው ጉዳትም ሌላ ጥያቄ ነው።

የበሽታ ስርጭትን የሚያጠናው ኤፒዲሚዮሎጂስቱም እዚያው ቆሟል። የእሱ ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ኤፒዲሚዮሎጂ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ማመልከቻው ለብቻ ነው፣ የገንዘብ አሰጣጡም ይለያል። የባዮሜዲካል ቅጽ ሞልቶ የኤፒዲሚዮሎጂ ሕልም የጻፈ ሰው ደጋግሜ አጋጥሞኛል። ተቀባዮቹ አንብበው «ይህ ሰው በር ተሳስቷል» ይላሉ።

በርሜሉ አንድ ነው። ችግሩም አንድ ነው። የሚለየው ዓይን የሚያርፍበት ቦታና እጅ የሚይዘው መሣሪያ ነው። ዘርፍ ማለት ይኼው ነው። ስለዚህ «የቱ ዘርፍ ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ ወደ ሌላ ይቀየራል። ከዚህ በርሜል ውስጥ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የቱ ነው? ቀኑን ሙሉስ ምን እየሠራሁ ብውል አይሰለቸኝም? አንዳንዱ ሰው በእጁ መሥራት ይወዳል። ፒፔት ይዞ ሲውል ደስ ይለዋል። አንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ካልተቀመጠ አይሆንለትም። አንዳንዱ ከሕመምተኛ ከራቀ ይከፋዋል። ይህን ስለራስ ማወቅ የዘርፎችን ስም ከማወቅ ይበልጣል።

ሳጥኗ ላይ ምልክት ሲደረግ

አሁን ወደ ቅጹ ልመለስ። ምልክቷ ከምታስቡት ያነሰም የበለጠም ትርጉም አላት።

ያነሰ የምለው በአሜሪካ ብዙ የባዮሜዲካል ፕሮግራሞች በጋራ በር ስለሚያስገቡ ነው። ለምሳሌ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂል አመልካቹ ለአንድ የጋራ ፕሮግራም ያመለክታል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ በየላቡ ይዞራል፤ ሮቴሽን ይሉታል። ላብ ሲመርጥ ነው ዲፓርትመንቱም የሚለየው። በዬል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አመልካቹ በትራክ፣ ማለትም በዘርፍ መስመር፣ ያመለክታል፤ ከገባ በኋላ ግን ከትራኩ ውጭ ያለ ላብም መምረጥ ይችላል። ሮቴሽኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት ወር ይፈጃሉ። ማለትም ኢሚዩኖሎጂ ብሎ ገብቶ በጄኔቲክስ ላብ የሚመረቅ ሰው ብርቅ አይደለም።

የበለጠ የምለው ደግሞ ምልክቷ ማመልከቻችሁን ማን እንደሚያነበው ስለምትወስን ነው። ጄኔቲክስ ላይ ምልክት ካደረጋችሁ የጄኔቲክስ ሰዎች ያነቡታል። ቃለ መጠይቁን እነሱ ያደርጉታል። የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶችና የማጣሪያ ፈተናው ዓይነትም በዚያው ሊወሰን ይችላል። መግለጫችሁ ስለ ትንኝ ባሕርይ እያወራ ምልክታችሁ ባዮኬሚስትሪ ላይ ከሆነ አንባቢው ግራ ይጋባል። የምትጠቅሷቸው ሦስት አራት ፕሮፌሰሮች በዚያ ዘርፍ ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን አንድ በአንድ አረጋግጡ። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ጥሩ ልጆች እዚህ ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ፤ ያመኛል።

የውጭ አገር አመልካች ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ኤንአይኤች የሚባለው፣ ለዶክትሬት ሥልጠና ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው ድጎማ ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ የሚውል ነው። በዚህ ድጎማ ላይ በብዛት የሚደገፍ ፕሮግራም የውጭ ተማሪ የሚቀበለው በጥቂቱ ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንኳን አንዱ ዘርፍ ለውጭ ሰው ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ አስተባባሪውን በአጭር ኢሜይል መጠየቅ ይቻላል። «ባለፉት ዓመታት የውጭ አገር ተማሪ ተቀብላችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ብዙዎቹ በትሕትና ይመልሳሉ። የማመልከቻ ክፍያውን እንዲያነሱላችሁም በዚያው መጠየቅ ትችላላችሁ። ለኛ ደሞዝ ያ ክፍያ ከባድ ነው።

ልጅቷ የሰማችው የገንዘብ ወሬ ለምን እንደማያዛልቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. 2025 ራሱ አሳይቶናል። የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ገንዘብ ላይ ቅነሳ ሲጀምር አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉትን የፒኤችዲ ተማሪ ቁጥር ቀነሱ። ተቀብለናችኋል ያሏቸውን ተማሪዎች መልሰው ያሰናበቱም ነበሩ። ዩኤስኤይድ ተዘጋ፤ በሱ ሲደገፍ የነበረ የወባ ሥራም ተናጋ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ «ገንዘብ ያለው እዚህ ነው» ብሎ ዘርፍ የመረጠ ሰው መሬቱ ከሥሩ ሸሸችበት። ፒኤችዲ አምስት ስድስት ዓመት ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ገንዘቡ የት እንደሚሆን ማንም አያውቅም። የገንዘብ ጉዳይ መታየት ያለበት በዘርፍ ደረጃ ሳይሆን በላብ ደረጃ ነው። ይህ ፕሮፌሰር ለሚቀጥሉት ዓመታት ተማሪ የሚያኖር ገንዘብ አለው ወይ? ይህ በሮቴሽን ጊዜ በግልጽ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

የግድ ወባ መሥራት አለብኝ?

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ። ስለ በርሜሉ ይህን ያህል ስላወራሁ፣ የድሬ ልጅ የግድ ወባ ማጥናት አለበት ያልኩ እንዳይመስል። አላልኩም። ከአፍሪካ የመጣ ሰው የሐሩር በሽታ ብቻ ነው የሚያጠናው ብሎ የሚያስብ ሰው ያጋጥማችኋል፤ ውጭም፣ አገር ውስጥም። ይህን ሐሳብ አልቀበለውም። የድሬ ልጅ የነርቭ ሴል የሚያስደንቀው ከሆነ ነርቭ ይሥራ። የፕሮቲን ቅርጽ የሚማርከው ከሆነ እሱን ይከተል።

ከተላላፊ በሽታ ውጭም ቢሆን አገራችን የጥያቄ ድሃ አይደለችም። ጫትን ውሰዱ። በሐረር የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ጉበቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ አንዱን ጎድቶ ሌላውን ለምን እንደሚተው ገና ብዙ የሚሠራበት ነው። ይህ የፋርማኮሎጂ፣ የቶክሲኮሎጂ፣ የጄኔቲክስ ሥራ ነው። በርጫ ላይ ሰው ሲቀመጥ እያየ ያደገ ልጅ ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ከሐረር ወጣ ብላ ያለችውን ቢሲዲሞንም አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመኖች ድጋፍ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ሆና የተነሳች ቦታ ናት። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በላብራቶሪ ሳህን ላይ አይበቅልም። ያ ተመሳሳይ ባክቴሪያ አንዱ ሰው ላይ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ሲያወጣ፣ ሌላው ላይ ሰውነትን ሁሉ ያዳርሳል። ልዩነቱ ከባክቴሪያው አይመጣም፤ ሰውየው በሽታውን ከሚከላከልበት መንገድ ነው። ይህ የኢሚዩኖሎጂ ትልቅ ጥያቄ ነው። አርማወር ሐንሰን ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1970 ሲመሠረት የተነሳው ሥጋ ደዌን ለማጥናት ነበር። «ኢሚዩኖሎጂ የሀብታም አገር ሳይንስ ነው» ለሚሉኝ ሁሉ ቢሲዲሞን እነግራቸዋለሁ።

የምትመርጡት ምንም ይሁን፣ ማስረጃ ያስፈልጋል። ተቀባዮቹ ሕልም አይለኩም። የሠራችሁትን ነው የሚያዩት። እዚህ አካባቢ ሥራ መልመጃ ቦታ የለም የሚባለው ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ሐረር ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። ቀርሳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሕዝቡን ልደት፣ ሞትና ጤና የሚከታተል የምርምር ጣቢያ አለ። ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ከአስከሬን በመርፌ ናሙና ወስዶ የሚያጠና ሥራም ቀርሳና ሐረር ላይ ይሠራል። እዚያ በረዳትነት አንድ ዓመት የሠራ ሰው ከብዙ ነጥብ ይልቅ ከዚያ የሚጻፍለት የድጋፍ ደብዳቤ ይናገርለታል።

ላብ ማግኘት ላልቻለ ደግሞ ላፕቶፕ አለ። የወባ ጂኖም መረጃ በነፃ ይገኛል። የፕሮቲን ቅርጾች መዝገብ ክፍት ነው። አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የተነበያቸው ቅርጾች ለማንም ይወርዳሉ። ኢንተርኔቱ የሚፈጥነው ሌሊት ስለሆነ ሌሊት መንቃት ሊጠይቅ ይችላል። ግን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ፣ አንድ የመረጃ ስብስብ አውርዳችሁ፣ ስድስት ወር ብትሠሩበት፣ ያ ከማንኛውም ሰርተፍኬት ይልቅ በመግለጫችሁ ውስጥ ይናገራል።

ስለ መመለስም ላንሳ፤ ብዙዎቻችን እናስበዋለንና። አንዳንዱ ዘርፍ በውድ ማሽን ላይ ብቻ ይቆማል። ማሽኑ ከሌለ ሰውየው እጁ ባዶ ነው። እዚህ መብራት ይጠፋል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ፍሪጅ ጄኔሬተር ካልተነሳለት የዓመታት ናሙና በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ሪኤጀንት፣ ማለትም የላብራቶሪ ኬሚካል፣ ታዝዞ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ይህን ስል ከባድ ነገር አትማሩ ማለቴ አይደለም። ከከባዱ ጎን እዚህም የሚሠራ አንድ ሙያ ያዙ ነው የምለው። መረጃ መተንተን፣ ኮድ መጻፍ፣ ጥናት መንደፍ። እነዚህ በሻንጣ የሚመጡ ናቸው፤ ጉምሩክ አይይዛቸውም።

አውሮፓ ለሚያመለክት ነገሩ ይለያል። እዚያ ብዙውን ጊዜ ማስተርስ ይጠየቃል። ስዊድንና ዴንማርክ የፒኤችዲ ቦታ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ተማሪው ደሞዝተኛ ነው። ዘርፍ ሳይሆን አንድ ፕሮጀክት ነው የምትመርጡት። ሮቴሽን ስለሌለ በምርጫ መሳሳት ዋጋው ይከብዳል። ከማመልከታችሁ በፊት ከዚያ ላብ ተማሪዎች ጋር ማውራት ግድ ነው። አፍሪካ ውስጥም በር አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲዲቲ አፍሪካ የተባለው የመድኃኒት ምርምር ማዕከል፣ በጋና ዩኒቨርሲቲ ዋክቢፕ የተባለው የተላላፊ በሽታ ምርምር ማዕከል፣ በኬንያ ኪሊፊ ያለው የምርምር ማዕከል። እነዚህን እንደ ሁለተኛ ምርጫ የሚያይ ሰው ይገርመኛል። ኪሊፊ ላይ ያለው የወባ ሥራ ከብዙ የአውሮፓ ላብ ይበልጣል።

ሰው ከዘርፍ ይበልጣል። ይህን ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። ደስ በሚል ዘርፍ ውስጥ ክፉ አማካሪ ስድስት ዓመት ያቃጥላል። መካከለኛ በሚመስል ዘርፍ ውስጥ ጥሩ አማካሪ ሰው ያደርጋል። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ዘርፉን ብቻ አይቼ የገባሁበት ላብ ነበር። ፕሮፌሰሩ በወር አንዴ እንኳን አያናግረኝም ነበር። ዓመት ከግማሽ ካለፈ በኋላ ላብ ቀየርኩ። ሁለተኛው ላብ የሚሠራው መጀመሪያ ከናቅኩት ርዕስ ላይ ነው። ዛሬም የምሠራው በዚያው ርዕስ ነው። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ ስትገኙ ተማሪዎቹን ለብቻቸው ጠይቋቸው። ለመመረቅ ስንት ዓመት ይፈጅባችኋል? ሲከብዳችሁ ፕሮፌሰሩን ታገኙታላችሁ ወይ? ከዚህ ላብ ወጥተው የሄዱት ለምን ሄዱ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ፊታቸውን ተመልከቱ።

ያን ቀን ከዚራ እስኪመሽ ተቀመጥን። ሳምቡሳው ቀዝቅዞ ነው የተበላ። ትላንት ማታ አዲሱን መግለጫ ላከችልኝ። የካንሰሩ ሕልም የለም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ሁለት መስመር መታየት ሲገባው አንድ መስመር ብቻ ታየ።» ምልክቷን ማይክሮባዮሎጂ ላይ ታደርጋለች ብዬ ነበር። ጄኔቲክስ ላይ አደረገችው። ለምን ስላት፣ «ተሕዋሲውን ማየት አውቅበታለሁ፤ ጂኑ እንዴት እንደጠፋ ማንበብ ነው የማልችለው» አለች።

ከድጋፍ ደብዳቤዎቹ አንዱ ገና አልደረሰም። እሱን እየጠበቀች ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ ቀድሞ ትሠራበት ወደነበረው ቦታ ትሄዳለች። በ2014 ዓ.ም. ያየቻቸው ስላይዶች አሁንም በእንጨት ሳጥኑ ውስጥ እንዳሉ ልታጣራ ነው።